የናቁት ፍግ ላቦራቶሪ ገባ!

እናቴ ጓሮዋ ካለው ጎመን ሥር ፍግና አመድ ስትደፋ እያየሁ አደግሁ። ኮሌጅ ስገባ መምህራችን «ይሄ ኋላ ቀርነት ነው» አሉን። እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ። ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ የገበሬው መድኃኒት ዳፕና ዩሪያ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በዚያ ሳቄ አፍራለሁ። ማፈር የሚገባኝ ግን እኔ ብቻ አይደለሁም!

ለምን ቢሉ፣ «የፈረንጅ ቅብጠት» ሲባል የኖረው የተፈጥሮ እርሻ ሳይንቲስቶች ፊት ቀርቦ ተመዝኗል። ስዊሶች ባዝል ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሁለቱን አስተራረስ ጎን ለጎን ሞከሩ። የ21 ዓመቱ ውጤት በ2002 «ሳይንስ» በተባለው ታላቅ መጽሔት ወጣ። ያለ ኬሚካል የታረሰው ማሳ ምርቱ በ20 በመቶ አነሰ፤ መዋሸት አያስፈልግም። ነገር ግን የማዳበሪያና የኃይል ፍጆታው ከ34 እስከ 53 በመቶ፣ ተባይ ማጥፊያው ደግሞ በ97 በመቶ ቀነሰ። አፈሩም ነፍስ ዘራ።

«እሱ የስዊስ ነው» የሚል ካለ አገር ቤት እንግባ። ነፍስ ይማርና፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ኮምፖስት አስጀመሩ። ከ2000 እስከ 2006 የተሰበሰበው መረጃ እንዳሳየው፣ ኮምፖስት ያገኘ ማሳ ምንም ካልተጨመረበት እጥፍ ያህል ሰጠ፤ ከኬሚካሉም አላነሰም። ምሥጢሩ ሌላ አይደለም፤ የስዊሱ ገበሬ ከሞላ ጎተራ ይቀንሳል፣ የእኛው ከባዶ ይነሳል።

መንግሥትም ዝም አላለም፤ የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488/1998ን አወጣ። አዋጅ ግን መሶብ አይሞላም! በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች «ማዳበሪያ አጣን» ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኹ። ፍጉስ? ማገዶ ጠፍቶ ኩበት ሆኖ ነደደ።

«ዩሪያ ይታገድ» አላልኩም። ስሪላንካ በ2021 በድንገት ከልክላ በወራት ውስጥ ተጸጽታለች። የምለው ሌላ ነው፦ ለኮምፖስት ምርምር በጀት ይመደብ፤ ገበሬው ከኩበት የሚያወጣው ማገዶ ይፈለግለት፤ የልማት ሠራተኛውም ባከፋፈለው ኩንታል ብቻ ሳይሆን በዳነው አፈር ይመዘን። ክረምቱ በሩን ሲያንኳኳ ጅቡቲ የሚደርስ መርከብ የሚጠብቅ ገበሬ እስከ መቼ?

እኔ እናቴን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የቀረው የባለሥልጣኖቻችን ተራ ነው!