በቢሾፍቱው ተርሚናል ግድግዳ ላይ የማን እርሻ ይታያል?

የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲያቀና የሚያቋርጠው ለጤፍ፣ ለሽምብራና ለምስር የታወቀውን የጥቁር አፈር ሜዳ ነው። በዚሁ አቅጣጫ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የአዲሱ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ግንባታ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ የተገለጸው ይህ ኤርፖርት ሲጠናቀቅ አራት ማኮብኮቢያዎች ይኖሩታል፤ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኞችንም እንዲያስተናግድ ታቅዷል።

ለአቃቂ ሰው የአውሮፕላን ማረፊያ ጉርብትና እንግዳ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን የጦር አውሮፕላኖች ከደበደቧቸው ሥፍራዎች አንዱ የአቃቂ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የአሁኑ ግን በመጠኑ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። 3,500 ሄክታር ገደማ መሬት የሚይዝ ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ለግንባታው ከቀያቸው ተነሥተዋል። ስለ ካሣና ስለ መልሶ ማቋቋም ብዙ ተብሏል፤ ገናም የሚባል አለ። ስለ ሕንፃው ውስጣዊ ገጽታ ግን በገበሬውም በከተሜውም ዘንድ እምብዛም አልተነገረም። ይህም ጉዳይ ቢሆን አርሶ አደሩን ይመለከተዋል።

ምክንያቱ ከአንድ አኃዝ ይጀምራል። የተርሚናሉን ንድፍ የሠራው ዛሃ ሐዲድ አርክቴክትስ የተባለው ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ከመንገደኞቹ 80 በመቶ ያህሉ ከአንድ አውሮፕላን ወርደው ወደ ሌላው የሚሸጋገሩ፣ ከኤርፖርቱ የማይወጡ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ላሊበላን አይሳለሙም፤ መርካቶን አይረግጡም፤ የጤፍ ማሳ አያዩም። ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት ተርሚናሉ የነገራቸውን ብቻ ይሆናል። ንድፉ ይህን ያሰበበት ይመስላል። የሕንፃው አጠቃላይ ቅርጽ ከስምጥ ሸለቆ የተወሰደ ሲሆን፣ የተርሚናሉ ክንፎች በቀለማቸውና በቁሳቸው የተለያዩ የአገሪቱን አካባቢዎች እንዲያንጸባርቁ ተደርጓል። ቀለምና ቁስ ግን ብቻቸውን ታሪክ አይናገሩም።

በዚህ ረገድ ታላላቅ ኤርፖርቶች ከአሥር ዓመት ወዲህ አዲስ ልማድ አምጥተዋል። ግድግዳውን፣ ዓምዱንና ወለሉን በብርሃንና በተንቀሳቃሽ ምስል ሸፍነው፣ መንገደኛው በሥነ ጥበብ ሥራው ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። አሠራሩ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ካሜራና ሴንሰር የሰውየውን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ ኮምፒውተሩ ያንን ተቀብሎ በስክሪን ወይም በፕሮጀክተር የሚታየውን ምስል ወዲያው ይለውጣል። ሰው እጁን ሲዘረጋ ወፎቹ ይበርራሉ፤ ሲራመድ ውኃው ይናወጣል። የሎስ አንጀለስ ኤርፖርት በ2013 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ተርሚናሉ ውስጥ 22 ሜትር ከፍታ ያለው የምስል ማማ አቁሟል፤ የታችኛው ክፍሉ ለመንገደኞች እንቅስቃሴ ምላሽ ይሰጣል። የሲንጋፖሩ ቻንጊ ደግሞ በሁለተኛው ተርሚናሉ 14 ሜትር ከፍታ ያለው ዲጂታል ፏፏቴ አለው።

ፏፏቴው ያምራል። ሆኖም የትኛውም አገር ሊገዛው የሚችል ነው። የሙምባይ ኤርፖርት በ2014 እ.ኤ.አ. በከፈተው ተርሚናል የተከተለው መንገድ ከዚህ ይለያል። በሺዎች የሚቆጠሩ የሕንድ የእጅ ጥበብና የሥዕል ሥራዎችን በረጅም ግድግዳ ላይ አሰባስቦ ተርሚናሉን የአገር ቤተ መዘክር አድርጎታል። እዚያ የቆመ መንገደኛ የት እንዳለ አይጠፋውም።

ኢትዮጵያም ለዚህ ባዕድ አይደለችም። በ1950ዎቹ ዓመታት በተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ፣ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስተዋት ሥዕል ሠርተዋል። የአፍሪካ መሪዎች ከዚያ አዳራሽ ሲገቡ ያዩት ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ጌጥ ሳይሆን የአንድ ኢትዮጵያዊ ሰዓሊ ሐሳብ ነበር። ለተንቀሳቃሹ ምስልም ቢሆን በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ጎብኚውን በዲጂታል ምስል የመክበብን ልምድ አስተዋውቋል። ሰዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ትውልድ ሲያስተምር ኖሯል፤ ባለሙያ ይጠፋል ማለት አይቻልም።

ታዲያ ምን ይታይ? መልሱ ከኤርፖርቱ አጥር ብዙ አይርቅም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያው ቢሾፍቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ለአርሶ አደሩ የተለቀቀው ቁንጮ ጤፍ የተገኘው ከዚህ ማዕከል ሲሆን፣ ምርታማውን ዱቄም ከነጩ ማኛ ጋር በማዳቀል የወጣ ዝርያ ነው። በዓለም ላይ ጤፍን ዋና ምግቡ ያደረገ አገር ከኢትዮጵያና ከጎረቤቷ ከኤርትራ በቀር የለም። በኤርፖርቱ ጎረቤት እንዲህ ያለ ታሪክ እያለ ግድግዳውን በሰው ሠራሽ ፏፏቴ መሙላት ብክነት ነው።

ለወለል እንኳ የተመቸ ነገር አለ። የጤፍ ዘር ደቃቅ በመሆኑ ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ ካረሰና ካለሰለሰ በኋላ ከብቶቹን እየነዳ ያስረግጠዋል፤ ዘሩ የሚዘራው በተረገጠው መሬት ላይ ነው። የመንገደኛውን እርምጃ ለሚከታተል ወለል ከዚህ የበለጠ ሐሳብ ከወዴት ይመጣል? ከካይሮ መጥቶ ወደ ጆሐንስበርግ የሚሻገር ሰው ሳያውቀው ማሳ ይረግጣል፤ ከኋላው ጤፉ ይበቅላል። ምስሉም ወቅቱን ሊከተል ይገባዋል። በሐምሌ የሚያልፍ መንገደኛ ጭቃውንና ዘሩን፣ በመስከረም ዝናቡ ሲያባራ በቀረው እርጥበት የሚዘራውን ሽምብራ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳውንና አውድማውን ይመልከት። ከባሕር ማዶ የመጣ ባለሙያ ብቻውን ቢሠራው ግን በነሐሴ የደረሰ ጤፍ ሊያሳይ ይችላል። ለውጭ ሰው ትንሽ ስሕተት ነው፤ ለአቃቂ ገበሬ ግን ሙሉ ሥራውን የሚያስንቅበት ነው።

በጎ ጎኑ ብቻ ሊታይ አይገባም። የኤልኢዲ ግድግዳ ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ሙቀቱን የሚያበርድ መሣሪያ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መለዋወጫና ፕሮግራሙን የሚያድስ ባለሙያ ይፈልጋል። ይዘቱ በውጭ ድርጅት እጅ ከቆየ ለእያንዳንዱ እድሳት ዶላር ይከፈላል። ካልታደሰም የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኖ መቅረቱ የሚጠበቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የፍትሕ ጥያቄው ነው። ማሳው ለማኮብኮቢያ የተወሰደበት ገበሬ፣ ያው ማሳ በግድግዳ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ለመንገደኛ መዝናኛ ሲቀርብ ቢያይ ምን ይሰማዋል? ከጥያቄው ለመሸሽ እርሻውን ከግድግዳው ማስቀረት አይበጅም፤ ያ ገበሬውን ሁለተኛ ጊዜ ማስነሣት ይሆናል። የሚሻለው ባለቤቱን ማስገባት ነው። ምስሉና ድምፁ የሚቀረጽ ሰው ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ስሙ ይጻፍ፤ ክፍያም ያግኝ። ከቀዬአቸው የተነሡት ቤተሰቦች ልጆችም መሣሪያዎቹን በመትከልና በመጠገን ሥራ ሊሠለጥኑ ይችላሉ። ከምስሉ አጠገብ የአካባቢው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮና ቡና የሚሸጥበት ሱቅ ቢኖር ደግሞ፣ መንገደኛው ያየውን ይዞ ይሄዳል፤ ገበሬውም ከ110 ሚሊዮኑ መንገደኛ ድርሻ ይኖረዋል።

የኤርፖርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2030 እ.ኤ.አ. ሥራ እንዲጀምር ታቅዷል። ጊዜው ሩቅ ቢመስልም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የገመዱ መተላለፊያ፣ ስክሪን የሚሸከመው ግድግዳና ሴንሰር የሚቀበርበት ወለል የሚወሰኑት በግንባታው ወቅት እንጂ ቀለም ከተቀባ በኋላ አይደለም። ሠዓሊያኑ፣ የምርምር ማዕከሉና የአካባቢው አርሶ አደሮች ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር መነጋገር ካለባቸው፣ መሬት ቆፋሪዎቹ ማሽኖች ገና በሥራ ላይ ሳሉ ነው።