መትከል የአንድ ቀን፣ መጠበቅ የዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፤ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊበላ ብቻ አልነበረም፤ ሊያበጃትና ሊጠብቃትም ነበር (ዘፍ. 2፥15)። እኛ ግን መጠበቁን የዘነጋን ይመስለኛል። ባለፈው ክረምት እዚሁ አሶሳ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስም ችግኝ ተከልን፤ ዘመርን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። በጥር ወር ስመለከት ግን አብዛኞቹ ደርቀዋል፤ የቀሩትንም ፍየል በልቷቸዋል። ከተካዮቹ አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ውኃ ያጠጣሁበት ቀን ግን የለም።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ይህን ስፍራ የአካባቢው ገበሬዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ጠብቀውታል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር እስኪያድግ ድረስ ስፍራው እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ አጫጅም እረኛም አይገባበትም። በበጋ ሲከፈት ሕዝቡ ይጠቀማል፤ ሐምሌ 5 ቀን፣ በበዓለ ሐዋርያት፣ ሁሉም ይወጣል። ቤተ ክርስቲያንም ለሥርዓቱ መከበር ትልቅ ድርሻ ነበራት። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ስፍራውም ተጎዳ። በኋላ ግን የመንዝ ሰው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ያ መዘጋት ምንድን ነው? ጾም አይደለምን? ሣሩ በፊታቸው እያለ፣ ጣራቸውም እያፈሰሰ፣ ለነገው ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። በየዓመቱ የምንጾም እኛ ይህን ልንረዳው አይከብደንም።

“አሶሳ መንዝ አይደለችም” የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። የእኛ አገር ቆላማ፣ የቀርከሃ አገር ነው፤ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ጋር አብረን የምንኖርባት ናት። ስለዚህ ከቅጥራችን ውጭ ያለውን ቀርከሃ እኛ ብቻችንን ልንዘጋው አንችልም፤ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተመካክረን እንጂ። የቅጥራችን ውስጥ ግን ሰበብ የለውም። በራሳችን ቅጥር ያልጠበቅነውን፣ ጎረቤታችን በዱር እንዲጠብቅ በምን አፋችን እንጠይቀዋለን?

በመጪው ክረምት ችግኙን እናሳንስ፤ ጠባቂውን እናብዛ። አምስት አምስት ሆነን ተራ እንግባ፤ በጋውን ሙሉ እናጠጣ፤ እንጠር። እኔ በመጀመሪያው ተራ ስሜን አስመዘግባለሁ። እናንተስ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።