ወንጌል በአዋጅ አይሰበክም

ወጣቶች ሆይ! አንድ ባለሥልጣን «ጌታን ተቀበለ» ሲባል አገሩ ሁሉ የተወረሰ መስሏችሁ ለምን ታጨበጭባላችሁ? የኢየሱሳውያንን ታሪክ ተመልከቱ።

ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 መጥቶ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ በትዕግሥት አስተማረ፤ የአፄ ሱስንዮስንም ልብ አገኘ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ በአዋጅ ካቶሊክ እንዲሆን፣ ዳግም እንዲጠመቅ አጣደፈ። ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ አዋጃቸውን ሻሩ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ቤተ መንግሥቱ ተገኘ፤ ሕዝቡ ጠፋ።

በ1945 ከካናዳ ሲመለሱ ግን የያዙት ጠመኔ ነበር። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መሩ፤ በ1950 የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አደራጁ። በድነት ትምህርት አንስማማም፤ ውለታቸውን ግን አንክድም።

እንግዲህ የጉለሌ ወጣቶች፣ ለቤተ መንግሥት ማጨብጨቡን ትተን የጎረቤታችንን ልጅ እናስጠና።