ስለ ድኾች የቤት ኪራይ እርዳታ

መጠለያ ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ጋራ የሚቈጠር ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ መንግሥት ድኻውን ተከራይ ከሚረዳባቸው መንገዶች ሁለቱ እነሆ። አንደኛው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ከወጣው ሕግ የመነጨው፣ ቫውቸር የሚባለው ነው፤ ተከራዩ ከገቢው ከመቶ 30 ያኽሉን ይከፍላል፤ የቀረውን መንግሥት እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ለባለቤቱ ይከፍልለታል። ሁለተኛው በ1986 ዓ.ም. የተደነገገው ነው፤ ቤት ለሚሠራው ግብር ይቀነስለታል፤ እርሱም ኪራዩን ከተወሰነው ልክ እንዳያሳልፍ ይገደዳል።

ነገር ግን ይህ የኪራይ ልክ የሚወሰነው በአካባቢው ሕዝብ መካከለኛ ገቢ እንጂ በተከራዩ ገቢ ስላልሆነ፣ እጅግ ለደኸየው ይከብደዋል። ቫውቸር ብቻውን የያዘውም ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ባለቤት ያጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል፤ ግብር የተቀነሰለት ባለቤት ተከራዩን ቫውቸር ስለ ያዘ ብቻ እንዳይመልሰው ሕጉ ይከለክለዋልና።

ይሁን እንጂ እርዳታው ከሚገባቸው ቤተ ሰቦች የኪራይ እርዳታ የሚያገኙት ከ4ቱ አንዱ ያኽል ብቻ ናቸው። እንግዲህ ቤት የሚያሠራው ገንዘብና ኪራይ የሚረዳው ገንዘብ ተለያይተው ሊመደቡ አይገባም። ቤቱ ቢሠራ ድኻው ካልገባበት፣ ድኻውም ቢረዳ የሚገባበት ቤት ከሌለ፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።