ገንዳው የእኛም ነው

በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን፣ በአሌክሳንድሪያና በስፕሪንግፊልድ፣ በዋሽንግተን ዲሲም ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶችና አባቶች፣ አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች፣ ታላላቅ እህቶችና ወንድሞች፦ ይህ ጥሪ ለሁላችንም ነው።

ግንቦት አጋማሹን ሲያልፍ በየሰፈራችን የመዋኛ ገንዳዎች ይከፈታሉ። በሜሪላንድ በኩል የሞንጎመሪ ካውንቲ የዋና ሊግ፣ በቨርጂኒያ በኩል የሰሜን ቨርጂኒያ የዋና ሊግ ልጆችን በየሰፈራቸው ስም አሰልፈው ያወዳድራሉ። ሁለቱም በ1950ዎቹ የተቋቋሙ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ ዛሬ በሥራቸው ያሉት ቡድኖች ቢደመሩ ወደ ሁለት መቶ ይጠጋሉ። ብዙዎቹ የሚዋኙበት ገንዳ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ከልጆቻችን ጋር በአንድ አውቶቡስ የሚሄዱ፣ በአንድ ክፍል የሚማሩ ጓደኞቻቸው የዕረፍት ወራቱን እዚያ ያሳልፋሉ። የእኛዎቹ ግን በቁጥራችን ልክ እዚያ የሉም። ይህን የሚለውጥልን ሌላ ሰው የለም፤ እኛው ነን።

ከመሄዳችን በፊት ስለምንሄድበት ቦታ ልናውቀው የሚገባ ታሪክ አለ። በ1958 በሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ዊተን ሄቨን የተባለ የመዝናኛ ማኅበር ተቋቁሞ ለአካባቢው ነዋሪ ገንዳ ሠራ፤ አባላቱ ግን ነጮች ብቻ ነበሩ። ዶክተር ሃሪ ፕረስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ በአካባቢው ቤት ገዝተው አባል ለመሆን ሲጠይቁ የማመልከቻ ቅጽ እንኳ አልተሰጣቸውም። በ1968 ደግሞ የማኅበሩ አባላት የነበሩት ነጭ ባልና ሚስት፣ ሙሬና ሮዛሊንድ ቲልማን፣ ግሬስ ሮዝነር የተባሉ ጥቁር እንግዳቸውን ይዘው መጡ። እንግዳዋ ያን ቀን ገቡ። ማኅበሩ ግን ወዲያው ደንቡን ለወጠና ከእንግዲህ በእንግድነት የሚገባው የአባል ዘመድ ብቻ ነው አለ። አባላቱ፣ የተከለከሉት ጎረቤትና እንግዳዋ በአንድነት ክስ መሠረቱ፤ በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። በዲሲም መንገዱ ቀላል አልነበረም። በ1949 ጥቁር ልጆች በአናኮስቲያ ገንዳ ሊዋኙ ሲመጡ ብጥብጥ ተነሥቶ ገንዳው ተዘግቷል፤ ለሁሉም የተከፈተው በተከታዩ ዓመት ነው።

ዛሬ ልጆቻችን ካርዳቸውን አሳይተው የሚገቡበት በር የተከፈተው እንዲህ ነው። በሩን ያስከፈቱት ሰዎች እኛን አያውቁንም ነበር፤ ብዙዎቻችን ያኔ ወደዚህ አገር አልመጣንም፤ ብዙዎቻችን ገና አልተወለድንም። ያስከፈቱት ግን ለእኛም ጭምር ነው። ገንዳው የእኛም ነው።

መብት ሲገኝ ግን ልማድ አብሮ አይመጣም። ወላጁ መዋኘት የማይችል ልጅ ዋና የመማር ዕድሉ 19 በመቶ ብቻ እንደሆነ ዩኤስኤ ስዊሚንግ ፋውንዴሽን ያሠራው ጥናት ያሳያል። እኛስ ዘንድ እንዴት ነው? ከመካከላችን ባሕር ዳር አድጎ ዓባይን እየዋኘ የተሻገረ አለ። ሶደሬ ውኃ የለመደ፣ አዲስ አበባ በጊዮን ሆቴል ገንዳ ዋና የተማረ አለ። ብዙዎቻችን ግን ያደግነው ደጋ ላይ ነው፤ የምናውቀው ውኃ በክረምት ሞልቶ ሰውና ከብት የሚወስድ ወንዝ ነው። እናቶቻችን «ወንዝ እንዳትወርድ!» እያሉ ያሳደጉን ከፍቅር ነው፤ በዚያ ቦታ ልክም ነበሩ። ልጆቻችን ግን በሌላ ውኃ አጠገብ እያደጉ ነው። በአፓርታማው ግቢ ገንዳ አለ፤ የጓደኛ ልደት የሚከበረው ገንዳ ዳር ነው፤ ለዕረፍት የምንወስዳቸው ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳር ነው። በዚህ አገር ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከማንኛውም በሽታና አደጋ ይበልጥ የሚገድለው መስጠም ነው። እዚህ መከልከል ብቻውን ልጅ አያድንም፤ መማር አለበት።

ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ። የውድድር ቡድን ዋና የማያውቅ ልጅ የሚጣልበት ቦታ አይደለም። አብዛኞቹ ቡድኖች ልጁ ያለ ረዳት አንድ የገንዳ ርዝመት፣ ማለትም 25 ሜትር ያህል፣ መሻገር እንዲችል ይጠይቃሉ፤ ለዚያ ያልደረሱትን ትንንሾች የሚያዘጋጁም አሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በብርዱ ወራት ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ በሲልቨር ስፕሪንግ የማርቲን ሉተር ኪንግ መዋኛ አለው፤ በ2024 ደግሞ እዚያው ከተማው መሐል አዲስ የመዝናኛና የዋና ማዕከል ከፍቷል። ዲሲ ለነዋሪዎቹ የሕዝብ ገንዳዎቹን በነጻ ያስገባል። እዚያ የጀመረ ልጅ ግንቦት ሲመጣ ዝግጁ ነው። ዋና የማንችል ወላጆችም ለአዋቂዎች በሚሰጠው ትምህርት እንመዝገብ፤ ልጅ አባቱ ሲማር ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው።

ቡድኑ ምን ይመስላል? ልጆቹ በዕድሜ ይከፈላሉ፦ ስምንት ዓመትና ከዚያ በታች፣ ከዚያ ዘጠኝና አሥር፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት፣ በመጨረሻ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት። አራት ቀዘፋ ይማራሉ፤ ነጻ ቀዘፋ፣ የጀርባ፣ የደረትና ቢራቢሮ። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከተዘጋ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይሆናል። ዋናው ውድድር ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ እሑድ ቅዳሴ ለሚያስቀድስ ቤተሰብ አይጋጭም። ለአምስት ያህል ቅዳሜዎች አንድ ቡድን ከአንድ ቡድን ይገጥማል፤ አንዱ ቅዳሜ በራስ ገንዳ፣ ሌላው በእንግድነት። ሐምሌ ሲያልቅ ወቅቱም ያበቃል። በዚያች አጭር ጊዜ የስድስት ዓመቷ ልጅ የአሥራ ሰባት ዓመቱን ወጣት በስሙ ታውቃለች፤ እሱም ስትዋኝ መስመሯ ጫፍ ቆሞ በስሟ ይጠራታል። ትልልቆቹ ትንንሾቹን የሚጠብቁበት፣ ትንንሾቹ ትልልቆቹን የሚከተሉበት እንዲህ ያለ ቦታ በዚህ አገር ብዙ አናገኝም። እኛ ያደግንበት ሰፈር እንዲህ ነበር፤ ልጆቻችን እንዲያገኙት ዘወትር የምንመኘውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አሠልጣኞቹ ይከፈላቸዋል፤ የቀረው ሥራ ከሞላ ጎደል የወላጆች ነው። ወላጅ ካልመጣ ውድድር የለም። በየመስመሩ ጫፍ ስቶፕዋች ይዘው የሚቆሙት ሰዓት ያዦች ወላጆች ናቸው። የመነሻ ምልክት የሚሰጠው ወላጅ ነው። በገንዳው ዳር እየተራመደ የልጆቹን ቀዘፋና አዟዟር የሚመለከተው፣ በደረት ቀዘፋና በቢራቢሮ ሁለቱ እጆች ግድግዳውን እኩል መንካታቸውን የሚያየው ዳኛ ሥልጠና የወሰደ ወላጅ ነው። ትንንሾቹን በተራቸው አሰልፎ ወደ መነሻው የሚያደርስ፣ ውጤት የሚመዘግብ፣ ሪባን የሚያድል፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቁርስ የሚሸጥ ሁሉ ወላጅ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ደቦ ነው። የአንዱ እርሻ ዛሬ፣ የሌላው ነገ፤ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ቀርቶ ሌላው እንዲያጭድለት የሚጠብቅ የለም። ገንዳው የእኛም ነው ካልን ሥራውም የእኛ ነው።

በዚህ ላይ ግልጽ እንነጋገር። ልጃችንን በር ላይ አውርደን የምንሄደው ሥራ ስላለብን መሆኑን እናውቃለን፤ ሌሎቹ ወላጆች ግን አያውቁም። ብዙዎቻችን ሁለት ሥራ እንሠራለን፤ ሌሊት ታክሲና ኡበር የሚነዳ አለን፤ ሆስፒታል አዳሪ ፈረቃ የሚገባ አለን። ወቅቱን ሙሉ ማንም ከአንድ ቤተሰብ አይጠብቅም። አንድ ወይም ሁለት ቅዳሜ ስቶፕዋች መያዝ በቂ መጀመሪያ ነው። ሰዓት ለመያዝ ዋና ማወቅ አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛ ማቀላጠፍም አያስፈልግም። የመነሻው ምልክት ሲሰጥ መጫን፣ ልጁ ግድግዳውን ሲነካ መጫን ነው። በዚያች ጠዋት ከጎናችን የቆመው ሰው ጎረቤታችን መሆኑን እናውቃለን፤ እሱም እኛን ያውቀናል።

የሚያሳስቡን ነገሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ በእርግጥ የሚያሳስቡ ናቸው። የፀጉር ጉዳይ ብዙ እናቶችን ያስቸግራል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ገንዳ ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን በንጹሕ ውኃ አርሳ ቅባት ብትቀባው ክሎሪኑ ያን ያህል አይጎዳውም። ለወፍራምና ለተጎነጎነ ፀጉር ሰፋ ያለ ቆብም ተሠርቷል፤ ሶል ካፕ የተባለው ቆብ በ2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አይፈቀድም ተብሎ ብዙዎች ስለተቃወሙ በ2022 ተፈቅዷል። ሰውነቷን ሸፍና መዋኘት ለምትፈልግ ሙስሊም ልጃችን የተሰፋ ልብስ አለ፤ ወቅቱ ሳይጀመር የቡድኑን ኃላፊዎች አነጋግረን ጉዳዩን እንጨርስ፤ ብቻዋን ሄዳ እንድታስረዳ አንተዋት። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። የገንዳ አባልነት ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል፤ ቅናሽ የሚያደርጉ ክበቦች አሉ፤ ካልጠየቅን ግን ማን ይነግረናል? ቅናሹ ካልበቃ ዕቁብና ማኅበር ያለን ሰዎች ነን፤ የአንድ ልጅ ምዝገባ አንድ ማኅበር አያቅተውም።

ስለ ሜዳሊያም አንድ ነገር እንበል። በዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ የምትታወቀው ኬቲ ሌዴኪ ውድድር የጀመረችው በስድስት ዓመቷ፣ በዚሁ በሞንጎመሪ ካውንቲ ሊግ፣ በሰፈሯ ገንዳ ነው። ከጥንት ጀምሮ ጥቁር ተማሪዎችን ሲያስተምሩ ከኖሩት ዩኒቨርሲቲዎች ብቸኛ የሆነው የዋና ቡድን ያለው በጆርጂያ አቬኑ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ2023 የወንዶቹ ቡድን የሚወዳደርበት ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆኗል። ልጆቻችንን ወስደን እናሳያቸው። ሆኖም ልጆቻችንን የምንልከው ሜዳሊያ እንዲያመጡልን አይደለም። አብዛኞቹ አያመጡም። የሚያመጡት ሌላ ነው፦ ማለዳ መነሣት፣ የትናንቱን የራስን ሰዓት ማሻሻል፣ ተሸንፎ ወጥቶ የአሸናፊውን እጅ መጨበጥ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው በሕይወት አዳኝነት ሠልጥነው በዚያው ገንዳ ተቀጥረው የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ይቀበላሉ፤ የሌላን ቤተሰብ ሕፃን ይጠብቃሉ።

እያንዳንዳችን የምንሰጠው አለን። መንዳት የምትችል እናት ሁለት የጎረቤት ልጆች አብራ ትውሰድ። እንግሊዝኛ የለመደ ወንድም የምዝገባውን ቅጽ አዲስ ለመጣ ቤተሰብ ይሙላ። አያት ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ስም ሲጠሩ የሚሰማቸው ልጅ ሌላ ኃይል ያገኛል። ሳምቡሳ የሚያውቁ እጆች የቁርሱን ጠረጴዛ ያድምቁት፤ ሰኔ የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ የጾሙ ይበዛ። ሒሳብና ኮምፒዩተር የሚችል ውጤት ይመዝግብ። ዘንድሮ ሰዓት የያዘ ለከርሞ የዳኝነት ሥልጠናውን ይውሰድ፤ ዳኞች መካከል የእኛም ፊት መታየት አለበት። ቤተ ክርስቲያናችንና መስጊዳችን በማስታወቂያ ሰዓታቸው ስለ ዋና ትምህርት አንድ ቃል ይናገሩ። መዋኘት የቻለ ልጅ ቢኖረንም ውኃ ዳር ዓይናችንን ከማንም ልጅ አንንቀል፤ ይህም የሁላችንም ሥራ ነው።

ምዝገባው በአብዛኛው የሚደረገው በፀደይ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። የሰፈራችሁን ቡድን ፈልጉ፤ የወላጆች ተወካዩን አነጋግሩ፤ ልጃችሁን አስመዝግቡ። በዚያው ቀን ደግሞ ሰዓት የምትይዙበትን ቅዳሜ መርጣችሁ ስማችሁን አስጽፉ።