«የሰማ ላልሰማ ያሰማ» በ21ኛው ክፍለ ዘመን፦ ይቅርታ ተብለው ካሳ የተከለከሉት የብሪታንያ ሴቶች

ድሮ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሃል ቆሞ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!» ይላል። ከዚያ በኋላ «አልሰማሁም» ብሎ ማመካኘት የለም። ለዚያ ዘመን ይህ አያስወቅስም። መንግሥት የዜጋውን ስምና ቤት የሚያውቅበት መዝገብ አልነበረውምና።

የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና መዋጮ በመዝገብ የያዘ መንግሥትስ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ቢል? የብሪታንያ መንግሥት በ1950ዎቹ በተወለዱ ሴቶች ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ እንዲህ ነው።

በብሪታንያ ሴቶች በ60፣ ወንዶች በ65 ዓመታቸው የመንግሥት ጡረታ ያገኙ ነበር። ይህ ልዩነት የመጣው በ1940 ነው፤ እሱም ራሱ የትግል ውጤት ነበር። በ1935 ፍሎረንስ ኋይት የተባለች የብራድፎርድ ሴት ያላገቡ ሠራተኛ ሴቶችን አሰባስባ የጡረታ ዕድሜ ዝቅ እንዲል ዘመቻ ጀመረች። የጠየቁት 55 ነበር፤ ያገኙት 60።

ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ፓርላማው የሴቶቹን ዕድሜ ከወንዶቹ ጋር ለማስተካከል ወሰነ። ጭማሪው በ2010 ጀምሮ በ2020 በ65 ላይ እንዲያበቃ ተደረገ። የ15 ዓመት ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ የ10 ዓመት መሸጋገሪያ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምን ነውር አለው?

ነውሩ የመጣው በኋላ ነው። በ2010 ሥልጣን የያዘው የኮንሰርቫቲቭና የሊበራል ዴሞክራት ጥምር መንግሥት በስምምነት ሰነዱ የሴቶች ጡረታ ዕድሜ ከ2020 በፊት ወደ 66 መውጣት እንደማይጀምር ጽፎ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላው፣ በ2011፣ በአዲስ ሕግ ፍጥነቱን ጨመረ። የሴቶቹ 65 ወደ ኅዳር 2018 ተሳበ፤ 66 ደግሞ ለሁሉም በጥቅምት 2020 ሆነ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ቀድሞ ከተጨመረባቸው ላይ ሌላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ተጫነባቸው። መጀመሪያ የታሰበውማ እስከ ሁለት ዓመት ነበር፤ ጩኸት ሲበዛ ነው የተቀነሰው።

ውጤቱን በሁለት ሴቶች የልደት ቀን መመዘን ይቻላል። ሚያዝያ 5 ቀን 1950 የተወለደችው በ60 ዓመቷ፣ በ2010 ጡረታዋን ጀመረች። ጥቅምት 6 ቀን 1954 የተወለደችው ግን እስከ ጥቅምት 2020 ጠበቀች። በልደት የሚለያዩት በአራት ዓመት ተኩል ነው። በጡረታ የተለያዩት በአሥር ዓመት ተኩል ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ዕድሜው መጨመሩ አይደለም። ማን ነገራቸው? የሚለው ነው።

የብሪታንያ የሥራና ጡረታ መሥሪያ ቤት በሕጉ ለተነኩት ሴቶች በስማቸው ደብዳቤ መላክ የጀመረው በሚያዝያ 2009 ነው። ሕጉ ከወጣ 14 ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው፣ ጭማሪው ሊጀምር አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ በራሪ ወረቀት፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ለጠየቀ ብቻ የሚሰጥ መረጃ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ነጋሪት።

መሥሪያ ቤቱ ችግሩን አያውቅም ነበር እንዳይባል ደግሞ ያውቅ ነበር። በ2004 የወጣ የራሱ ጥናት በለውጡ ከተነኩት ሴቶች የጡረታ ዕድሜያቸው 65 ወይም በ60 እና በ65 መካከል መሆኑን የሚያውቁት 43 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቶታል። ከግማሽ በላዩ አያውቅም ማለት ነው።

በ2015 አምስት ሴቶች ዋስፒ በሚል ምሕፃር የሚጠራውን ዘመቻ መሠረቱ። ስሙ በመንግሥት ጡረታ ላይ ያለውን መድልዎ የሚቃወሙ ሴቶች ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ተቺዎቻቸው ሆን ብለው ያምታቱታልና። ዋስፒ «ዕድሜው ወደ 60 ይመለስ» አላለም። እኩልነቱንም አልተቃወመም። «ሳይነገረን ለደረሰብን ጉዳት ካሳ ይከፈለን» ነው ያለው። ወደ 60 ይመለስ ያለው ባክ ቱ ሲክስቲ የተባለ ሌላ ቡድን ነው። እሱ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2019 ተሸነፈ፣ በ2020 ይግባኙም ወደቀ፣ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ዳኞቹ ዕድሜን እኩል ማድረግ አድልዎ አይደለም አሉ። በዚህ መከራከር ይከብዳል።

የዋስፒ ጥያቄ ግን የሄደው በሌላ በር ነው፤ ወደ እንባ ጠባቂ። የፓርላማው እንባ ጠባቂ ዓመታት የፈጀ ምርመራ አድርጎ በ2021 የመጀመሪያውን ግኝት አወጣ። መሥሪያ ቤቱ ከ2005 ጀምሮ የአስተዳደር በደል ፈጽሟል፤ ደብዳቤዎቹ ቢዘገዩ በታኅሣሥ 2006 መላክ መጀመር ነበረባቸው፤ 28 ወር ባክኗል። መጋቢት 2024 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ደግሞ ለእያንዳንዷ ከ1,000 እስከ 2,950 ፓውንድ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። እንባ ጠባቂው ሪፖርቱን በቀጥታ ለፓርላማው ያቀረበው፣ መሥሪያ ቤቱ ካሳውን እንደማይፈጽም ስለተረዳ ነበር።

ግምቱም ልክ ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 2024 ሚኒስትሯ ሊዝ ኬንዳል ፓርላማ ቀርበው የ28 ወሩን መዘግየት አመኑ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ከዚያም ካሳ አይከፈልም አሉ።

ጥፋቱ ታምኗል። ይቅርታ ተብሏል። ክፍያ የለም።

በየትኛው አገር ሽምግልና ነው እንዲህ ያለ ዕርቅ የሚያልፈው? ጥፋተኛ «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ካለ በኋላ ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ስለ ካሳው ነው። ካሳ የሌለው ይቅርታ ለበዳይ ማረፊያ እንጂ ለተበዳይ መጽናኛ አይሆንም።

መንግሥት ያቀረባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንድ በአንድ ይታዩ።

አንደኛው፣ «በ2006 ከሴቶቹ 90 ከመቶው ለውጡን ያውቁ ነበር» የሚል ነው። እዚህ ቁጥር ውስጥ ብልሃት አለ። የጡረታ ዕድሜ እየተለወጠ መሆኑን መስማት አንድ ነገር ነው፤ «የእኔ ቀን መቼ ነው?» የሚለውን ማወቅ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ሊጨምር ነው መባሉን ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ በዚህ ወር የእሱ ቤት ስንት እንደሚመጣበት የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ሰው ሥራ የሚለቀው፣ የታመመች እናቱን ሊያስታምም የሚወስነው፣ ቁጠባውን የሚያወጣው በወሬ ሳይሆን በቀን ነው።

ሁለተኛው፣ «ደብዳቤ ብንልክም ብዙ ለውጥ አያመጣም ነበር፤ ያልጠየቀው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ማንበቡን የሚያስታውሰው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው» የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ ያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መላኩን ነገ ማቆም አለበት። ግብር ሰብሳቢውም እንዲሁ። ግን አያቆሙም። የዕዳ ደብዳቤ ሲሆን «ልከንልሃል፣ ማንበብ የአንተ ፋንታ ነው» ይባላል። የመብት ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ «ብንልክም አታነቡትም ነበር» ይባላል። አንዱ ፖስታ በሁለት ሚዛን ተመዘነ።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ለሁሉም ይከፈል ቢባል እስከ 10.5 ቢሊዮን ፓውንድ ይደርሳል። ብዙ ገንዘብ ነው፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን የማዶው ሒሳብም ይነገር። የፊስካል ጥናት ተቋሙ በ2017 ባወጣው ጥናት፣ የሴቶቹ ዕድሜ ገና ከ60 ወደ 63 ከፍ ባለበት ጊዜ መንግሥት በዓመት 5.1 ቢሊዮን ፓውንድ ተጠቃሚ ሆኗል። በ60 እና በ62 መካከል ባሉ ሴቶች ዘንድ ደግሞ የገቢ ድህነት በ6.4 ከመቶኛ ነጥብ ጨምሯል። ካሳው ከፍተኛው ቢከፈል እንኳ መንግሥት ከለውጡ በሁለት ዓመት ካገኘው ብዙም አይርቅም፤ የሚከፈለውም አንዴ ነው።

የሚያመው ደግሞ ውሳኔው ከማን አፍ እንደወጣ ነው። ሌበር ፓርቲ በ2019 ምርጫ ለእነዚህ ሴቶች 58 ቢሊዮን ፓውንድ እከፍላለሁ ብሎ ነበር። ኪር ስታርመር በተቃዋሚ መሪነታቸው በ2022 ፍትሐዊና ፈጣን ካሳ እንዲከፈል የሚጠይቀውን የዘመቻውን ቃል ፈርመው ፎቶ ተነሥተዋል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ብዕሩ ተረሳ። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም።

«እኩልነት ፈልጋችሁ አልነበር?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። የዚያ ትውልድ እኩልነት ምን ይመስል እንደነበር ግን ማየት ነው። ሥራ ሲጀምሩ ለአንድ ዓይነት ሥራ ከወንዱ ያነሰ ደመወዝ መክፈል ሕጋዊ ነበር፤ የእኩል ክፍያ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1975 ነው። ያገባች ሴት የተቀነሰ መዋጮ እንድትከፍል፣ በምላሹም በራሷ ስም ጡረታ እንዳይኖራት የሚያደርግ አሠራር እስከ 1977 ለአዲስ ገቢዎች ክፍት ነበር። በደመወዙ ወረፋ መጨረሻ የቆመች ሴት፣ በጡረታው ወረፋ ጊዜ «እኩል ነሽ» ተባለች።

ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሐበሻም ካለ ይሳሳታል። ሕጉ የሚመለከተው የልደት ቀንን እንጂ የትውልድ አገርን አይደለም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተሰድደው ለንደን የገቡ፣ ቢሮ ሲያጸዱና አረጋውያንን ሲንከባከቡ መዋጮ የከፈሉ፣ በ1950ዎቹ የተወለዱ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት እናቶችም በዚሁ ሰንጠረዥ ውስጥ ናቸው። ከእነሱ መካከል የልደት ቀናቸው ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲገለበጥ በግምት የተጻፈላቸው ጥቂት አይደሉም። ጥቂት ወራት ልዩነት ዓመታት በሚያስከፍልበት ሕግ፣ የግምት ቀን ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም። በሁለተኛ ቋንቋ የተጻፈን የጋዜጣ ማስታወቂያ አይታ የራሷን ጡረታ ታስላ የሚባለውም ያቺው እናት ናት።

በኅዳር 2025 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሰማ ሲቃረብ፣ አዲሱ ሚኒስትር ፓት ማክፋደን በመጀመሪያው ውሳኔ ጊዜ ሚኒስትሯ ያላዩት የ2007 ሰነድ ስለተገኘ ውሳኔው እንደገና ይታያል አሉ። ወዲያው ግን ይህ ማለት ካሳ ይከፈላል ማለት አይደለም ብለው አስጠነቀቁ። ከ2006 ጀምሮ ደብዳቤ የጠፋበት መሥሪያ ቤት የራሱም ሰነድ ጠፍቶበት ነበር ማለት ነው።

የመጦሪያ ዕድሜ በብዙ አገሮች እየጨመረ ነው። ሰው ረጅም ዕድሜ ሲኖር ሒሳቡ ይቀየራል፤ በኢትዮጵያ ሕግ ለወንድም ለሴትም 60 የሆነው ዕድሜም አንድ ቀን ጥያቄ ይነሣበት ይሆናል። ጭማሪው ሁልጊዜ በደል አይደለም። በደሉ የሰውን የእርጅና ዘመን ቀይሮ ለሰውየው አለመንገር ነው። ከዚያም የባሰው፣ «አለመንገሬ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ» ብሎ ኪስን መዝጋት ነው።

እነዚህ ሴቶች በ2025 ከ65 እስከ 75 ባለው ዕድሜ ላይ ነበሩ። ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ መልሱን ሳይሰሙ ያለፉ ብዙ ናቸው። ኮሚቴ፣ ምርመራ፣ ይግባኝ፣ እንደገና ማየት እየተባለ ቀኑ በገፋ ቁጥር ካሳ ጠያቂው ይቀንሳል፣ ሒሳቡም ይቀልላል። መንግሥት ይህንን አስቦ ነው የሚያዘገየው ማለት አይቻልም። ከመዘግየቱ የሚያተርፈው ማን እንደሆነ ግን ማንም መቁጠር ይችላል።