ስለ ቍርጥማትና ስለ መርፌ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታው ምን እንደ ሆነ ሳያስመረምር መድኃኒቱን በገዛ እጁ የሚመርጥም ከዚህ ሰው ብዙ አይርቅም። ይህንን ማለታችን፥ ቍርጥማት የጸናባቸው አንዳንድ ሰዎች «ጕልበቴን አንቲባዮቲክ ቢወጉኝ በዳንሁ» ማለታቸው ስለማይቀር ነው።

አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያ የተባለውን ጀርም ነው። በሽማግሌዎች ጕልበትና ዳሌ ላይ የሚጸናው ቍርጥማት ግን የሚመጣው የአጥንቶችን ጫፍ የሸፈነው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ሲሄድ ነው። ሌላም አለ፤ የሁለቱን እጅ ጣቶች የሚያሳብጠውና ጧት ሲነሡ አልታጠፍ አልዘረጋ የሚያሰኘው፥ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲነሣ የሚመጣ ነው። በነዚህ ውስጥ የሚገደል ባክቴሪያ ስለሌለ፥ መርፌው ጠላት በሌለበት ስፍራ እንደሚተኰስ ጥይት ነው። እንዲያውም ንጽሕናው ካልተጠበቀ፥ ጀርሙን ከውጭ ይዞ ሊያስገባ ይችላል። ሐኪም አንዳንድ ጊዜ ጕልበት ውስጥ የሚወጋውም እብጠትንና ሕመምን የሚያበርድ መድኃኒት እንጂ አንቲባዮቲክ አይደለም።

«የጎረቤታችን ልጅ ስለ መገጣጠሚያው ሕመም በየወሩ ፔኒሲሊን ይወጋ የለምን?» የሚል አይታጣም። ይህ መርፌ የሚሰጠው በጡንቻ ነው፤ ጥቅሙም የጕሮሮ ሕመም ተመልሶ መጥቶ የልጁን ልብ እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፥ ግሎ፥ አላንቀሳቅስ ቢልና ትኩሳት ቢከተለው ግን፥ በእውነት ጀርም ገብቶበት ይሆናልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በጥቂት ቀኖች ውስጥ ልባሱ ሊበላሽ ይችላል። ሐኪሙ ፈሳሹን ቀድቶ ያስመረምራል፤ መግሉንም ያወጣል። በ1940ዎቹ ዓመታት ፔኒሲሊን በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ይገባ ነበር። ኋላ ግን በደም ሥር የተሰጠው መድኃኒት በበቂ እንደሚደርስለት፥ በቀጥታ የገባውም ውስጡን ሊያስቆጣው እንደሚችል ታወቀ። ቀስ ብሎ የሚገባው የነቀርሳ ጀርም፥ ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም፥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሳይቋረጥ በሚወሰድ መድኃኒት ይታከማሉ።

እንግዲህ ለአረጋዊው ጕልበት የሚበጀው የሰውነትን ክብደት መቀነስ፥ ጡንቻን በሚያጠነክር እንቅስቃሴ መትጋትና ሐኪም ያዘዘውን ማስታገሻ መውሰድ ነው። ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ከቤታችሁ የታመመ ቢኖር «መርፌ ውጉልን» ከማለታችሁ በፊት «የሕመሙ ምክንያት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።